ባሌ ተራሮች ሥር ድንኳን የት ይተከል? የገበሬ ግቢ፣ የፓርኩ ካምፕ ወይስ ሪራ

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ባሌ ልንሄድ ነው። ድንኳን ገዝተናል። የት እንትከለው?» አለኝ። ስንት ናችሁ አልኩት። እሱ፣ ባለቤቱ፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውና የባለቤቱ እህት። ከዚህ በፊት ድንኳን ውስጥ አድራችሁ ታውቃላችሁ? «ለቅሶ ቤት» ብሎ ሳቀ።

ያኔ በስልክ የነገርኩትን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ፓርኩ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ሁሉም ስለ ቀይ ቀበሮ ይጠይቃል። «ማታ የት ነው የማድረው?» የሚል ግን እምብዛም የለም። እኔ ደግሞ ከባሌ አኩርፎ ሲመለስ ያየሁት ሰው ሁሉ ያኮረፈው ቀበሮ ስላላየ ሳይሆን ስላልተኛ ነው።

አማራጩ በደምሳሳው አራት ነው። አንደኛው ዲንሾ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ግቢ ውስጥ መትከል። ሁለተኛው ከዲንሾ ከተማ ወጣ ብሎ ገበሬ ግቢ ማደር። ሦስተኛው ሰነቲ የሚባለውን ከፍተኛ ሜዳ ተሻግሮ ሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ያለችው የሪራ መንደር። አራተኛው ፈረስ ጭኖ ወብ ሸለቆ ወይም ሰነቲ ላይ ከሰው ርቆ ማደር። ሆቴል ለሚሻለው ሮቤና ጎባ አሉ። እነሱን እዚህ አላነሳቸውም፤ ድንኳን ለገዛ ሰው ነው የምጽፈው።

በቅድሚያ ብርዱ

ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። አዲስ አበባ ላይ «ዛሬ በጣም በርዷል» የምንለው እዚያ እንደ ሞቃት ቀን ይቆጠራል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን በቲሸርት ትሄዳላችሁ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እንደገባች ግን ብርዱ እግር ላይ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሰነቲ ከ4,000 ሜትር ስለሚያልፍ ከዜሮ በታች መውረዱ እዚያ ወሬም አይደለም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በስስ ስሊፒንግ ባግ ነበር። የሸጠልኝ ልጅ «ለየትም ይሆናል» ብሎኛል። ለላንጋኖ ይሆናል። ዲንሾ ላይ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

የአማራጮቹ ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ይመጣል። ፓርኩ ካምፕ ውስጥ ብርዱን የምትቋቋሙት በያዛችሁት ዕቃ ብቻ ነው። ገበሬ ግቢ ውስጥ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ የሚነድ ምድጃ ያለበት ቤት አለ። ሪራ ከሰነቲ ወረድ ያለች ስለሆነች ብርዷ ይቀላል፤ በምትኩ ጭጋግና ዝናብ አላት። ሰነቲ ላይ ምንም የለም። ከንፋሱ የሚከልል ዛፍ እንኳ የለም፤ ያለው ጅብራ ነው።

የፓርኩ ግቢ፦ ከርከሮ እንደ ጎረቤት

ዲንሾ ያለው የፓርኩ ግቢ ለድንኳን የሚያምር ቦታ ነው። ኮሶና ጥድ በብዛት አለ። ግቢው የተከለለ ስለሆነ እንስሳቱ ሰው ለምደዋል። ጠዋት ዚፕ ስትከፍቱ ከርከሮ ጉልበቱን አንበርክኮ ሣር ሲግጥ ልታዩ ትችላላችሁ። የደጋ አጋዘንና ድኩላ በዛፎቹ መሃል ይዘዋወራሉ። የደጋ አጋዘን የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ያለው ደግሞ ባሌ ነው። ይህን እንስሳ ለማየት ከድንኳን ደጃፍ በላይ መሄድ አለማስፈለጉ እስካሁን ይገርመኛል።

ሌላው ጥሩ ነገር ሥርዓቱ ነው። የመግቢያና የካምፕ ክፍያ በደረሰኝ ነው። ጥበቃ አለ። የሚያስጠይቅ ነገር የለም፣ ማንንም አታስቸግሩም፣ ይሉኝታ የለም። ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አለ፤ ትክክል ሊሆንም ይችላል።

የእኔ ቅሬታ አንድ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል። እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድረስ አሥራ ሁለት ሰዓት ጨለማ ነው። ከርከሮው ይተኛል፣ እናንተ ግን ገና አልተኛችሁም። ካርታ ትጫወታላችሁ፣ ጣታችሁ ይደነዝዛል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ያያል። የስልክ ባትሪ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ 60 ፐርሰንት ያለው ስልክ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ፓወር ባንካችሁን ሆዳችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ተኙ።

ምግብም ራሳችሁ ናችሁ። ውሃ በዚያ ከፍታ ላይ ከአዲስ አበባም ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ ፓስታም ሩዝም ይዘገያል። ምስርማ አትሞክሩት።

የገበሬ ግቢ

የገበሬ ግቢ ስል ሎጅ ማለቴ አይደለም። ታፔላ የለውም፣ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉትም አታገኙትም። ገብስ የሚዘራ፣ ላምና በግ፣ አንድ ሁለት ፈረስ ያለው ቤተሰብ ነው። ከቤቱ ጎን በአጥር የተከለለ ሣር አለ። ወይም ደግሞ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ባዶውን የቀረ ማሳ። ድንኳናችሁ እዚያ ይተከላል።

በር እያንኳኳችሁ አትፈልጉ። ዲንሾ ስትደርሱ መጀመሪያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቡ፣ የመግቢያውን ክፈሉ፣ አስጎብኚ ያዙ። ገበሬ ቤት ስላደራችሁ የፓርኩ መግቢያ አይቀርላችሁም፤ ቀን የምትውሉት ፓርኩ ውስጥ ነው። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። የአንዱ አጎት፣ የሌላው አክስት እዚያው አካባቢ መሬት አላቸው። «ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን የሚያስተክሉን ቤተሰብ ይኖራሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀበሌውም እንዲያውቅ አድርጉ። ሳይታወቅ ያደረ እንግዳ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄው የሚያርፈው ደግሞ ባሳደራችሁ ሰው ላይ ነው። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር አጣሩ። ፓርኩ ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውጪ በአጥር የታጠረ አይደለም። ወሰኑ ውስጥ የሚኖሩና ከብት የሚያግዱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። «የገበሬው መሬት ነው» የተባላችሁት ቦታ ወሰን ውስጥ ከሆነ ገበሬው ስለፈቀደ ብቻ ድንኳን አይተከልበትም፤ የፓርኩ ደንብ አለ። አስጎብኚውን በግልጽ ጠይቁት፦ ከወሰን ውጪ ነው?

አሁን ስለ ጭዱ ልንገራችሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ያረፍነው አንድ ሃጂ ግቢ ነበር። ባለቤታቸውን ልጆቹ አዮ ይሏቸዋል፤ እማዬ እንደማለት ነው፤ እኛም አዮ አልናቸው። ድንኳኑን ተክለን ስንጨርስ አዮ መጡ። ጎንበስ ብለው አንገታቸውን አስገቡና ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ምንም ሳይሉ ሄዱ። ሲመለሱ አንድ ሸክም የገብስ ጭድ ይዘዋል። ድንኳኑን አንሱ አሉን በእጃቸው። አራት ካስማ ነቅለን ድንኳኑን እንደ አልጋ በአራት ማዕዘን ይዘን አነሳነው። ጭዱን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው አነጠፉ፣ በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት፣ ከዚያ አስቀምጡት አሉን። ያን ሌሊት ከመሬቱ ብርድ ጠብ አላለም። በሦስት ሺህ ብር የተሸጠልን የአየር ፍራሽ ያላደረገውን የገብስ ጭድ አደረገው። ጠዋት የድንኳኑ ጨርቅ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ፣ ዚፑን ስስበው ውርጩ እንደ ዱቄት አንገቴ ውስጥ ፈሰሰ። ከታች ግን ሞቆኛል።

ማታውን ደግሞ ቤት ገብተን ነው ያመሸነው። እሳት ዳር። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ለዚህ ተዘጋጁ፣ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ በር አካባቢ ይቀመጥ። ማርቃ ቀረበ፤ የገብስ ገንፎ ነው፣ መሃሉ ላይ ቅቤ አለ። ጩኮም ቀመስን፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፣ አንድ ጭብጥ ከበላችሁ ተራራ ያስወጣል። እርጎው ኢቲቱ ይባላል፤ ወፍራም ነው፣ የታጠነ ዕቃ ሽታ አለው። አሥራ ሁለቱ የጨለማ ሰዓት እንደዚህ አለፈ። ፓርኩ ካምፕ ውስጥ በካርታ ያቃተን ማለት ነው።

የሚከብደውን ደግሞ ልናገር።

ውሾቹ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻሉ። ጅብ ስለሚዞር ሥራቸው ነው፣ ግን ይጮኻሉ። ዶሮው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይቀጥላል። ሽንት ቤቱ ከቤቱ ራቅ ያለ ጉድጓድ ነው፤ ባትሪና ሶፍት ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ስትወጡም ከቤቱ ልጆች አንዱን ጥሩ፣ ውሾቹ ገና አያውቋችሁም። ገላ መታጠብ የሚባል ነገር የለም፤ በጆግ ሙቅ ውሃ ፊትና እግር ነው። ፈረሱ የድንኳኑን ገመድ ይበላል። ቀልድ አይደለም። አንዱን ገመዳችንን ላብ የነካው ስለሆነ ነው መሰለኝ ሲያኝከው አግኝተነዋል።

ግላዊነት የሚባለውም የለም። ልጆቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረው ድንኳኑ ፊት ለፊት ቁጢጥ ብለው መነሳታችሁን ይጠብቃሉ። ይህ የሚያስደስተው ሰው አለ፣ የሚያስጨንቀው አለ። ራሳችሁን እወቁ።

ሥጋ፣ ጾምና መጠጥ

ይህን ፓርኩ ግቢ ውስጥ ማሰብ አያስፈልጋችሁም፤ ገበሬ ግቢ ውስጥ ግን ከድንኳኑ ጥራት ይበልጣል። ባሌ ላይ አብዛኛው ቤተሰብ ሙስሊም ነው። ቢራና ጠጅ ይዛችሁ ግቢያቸው አትግቡ። «በድንኳናችን ውስጥ ነው የምንጠጣው» አይሠራም፤ ድንኳኑ ያለው የሰው ግቢ ውስጥ ነው።

ሥጋም እንደዚያው። ከአዲስ አበባ ጥሬ ሥጋ ጭኖ ሄዶ የሰው ምድጃ ላይ የሚጠብስ አይቻለሁ። ቤተሰቡ በዚያ ድስት ዳግም ለማብሰል ይቸገራል፤ በይሉኝታ ግን አይነግራችሁም። እናንተም የእነሱን ዕርድ የማትበሉ ከሆነ በግ ሊያርዱላችሁ ሲነሱ ሳይሆን አስቀድማችሁ በአስጎብኚው በኩል ንገሯቸው። እኔ ሁሌ የምለው «ሥጋ አንፈልግም፣ ገብሱና ድንቹ ይበቃናል» ነው። ሁሉም ሰው ይገላገላል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ደግሞ ማስጠንቀቂያ፦ እዚያ ቤት ቅቤና ወተት ያልነካው ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ሽሮና በርበሬ ከቤታችሁ ያዙ። በረመዳን ከሄዳችሁ ቀን ምግብ አትጠይቁ፤ የአፍጥር ሰዓት ላይ ግን ከእነሱ ጋር መቀመጥ ትልቅ ደስታ ነው።

ኦሮምኛ የማትችሉ ከሆነ ሁለት ቃል ይበቃችኋል ለመጀመር። ሰላምታው «አካም»፣ ምስጋናው «ገለቶማ»። አስተርጓሚ ቢኖርም ራሳችሁ በሉት።

ሒሳቡ

ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ በጻፍኩ በሦስተኛው ወር ይሳሳታል። እንዴት እንደምትነጋገሩ ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጊዜ ገበሬ ግቢ ያደርን ቀን ምንም ሳንነጋገር ነበር። ጠዋት «ስንት እንክፈል?» አልን። «የፈለጋችሁትን» ተባልን። ከዚህ የከፋ መልስ የለም። የሆነ ብር ሰጥተን ወጣን። ከዚያ እስከ አዳባ ድረስ መኪና ውስጥ ተጨቃጨቅን። አንዱ አነሰ ይላል፣ ሌላው ለቀጣዩ መንገደኛ ዋጋ አስወደድን ይላል። እስካሁን አልተስማማንም።

ስለዚህ አራት ነገር ለየብቻ፣ ከመትከላችሁ በፊት፣ አስጎብኚው መሃል ቆሞ ተነጋገሩ። የቦታው፣ የሙቅ ውሃና የማገዶው፣ የምግቡ፣ ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ካለ የእሱ። እናንተና አባወራው ፊት ለፊት ስትነጋገሩ እሱ እንግዳ ማስከፈል ያፍራል፣ እናንተ መከራከር ታፍራላችሁ። አስጎብኚው አያፍርም። የምግቡን ሒሳብ ደግሞ ለሴትየዋ በእጃቸው ስጡ። የሠሩት እሳቸው ናቸው።

ገበሬ ግቢ ከፓርኩ ካምፕ ይረክሳል ብሎ የሚያስብ አለ። ሁሌ አይደለም። ምግቡን፣ ማገዶውንና ጥበቃውን ስትደምሩት ይቀራረባል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ አትምረጡት።

ማገዶ ስል፣ እንጨት ከጫካ እንዲለቀምላችሁ አትጠይቁ። አስታም ጥድም ቀስ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ናቸው። ቤቱ ኩበት አለው። ራሳችሁ የምታበስሉ ከሆነ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ።

ውሻ ያለው ሰው ያንብብ

ውሻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ከትልልቅ ጠላቶቹ አንዱ ከቤት ውሻ የሚይዘው በሽታ ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር። እ.ኤ.አ በ2003 ወብ ሸለቆ ውስጥ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል፣ ከዚያ ወዲህም ተመላልሷል። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች በፓርኩ ዙሪያ ባሉ መንደሮች እየዞሩ የገበሬውን ውሻ የሚከትቡት ለዚህ ነው። ሌሊቱን ሲጮኽባችሁ ያደረውን ውሻ ጠዋት በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። ባለቤቱን «ተከትቧል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ወሬው ደስ ይላል፤ ገበሬዎቹ ስለ ቀበሮው የሚያውቁት ብዙ ነው።

ከምግብ የተረፈ አጥንትና ፌስታል ሜዳ ላይ አትተዉ። ይዛችሁ የመጣችሁትን ይዛችሁ ውጡ፤ ገበሬው ግቢ ውስጥ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና አይመጣም።

ሪራ

ሪራ ሌላ ዓለም ናት። ከጎባ ተነስታችሁ ሰነቲ ላይ ትወጣላችሁ፤ በግራም በቀኝም ባዶ ሜዳ፣ ሐይቆች፣ ከሩቅ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ቁመቱ። ለቀበሮ ጥሩ ቦታ ነው፤ ዓይጥና ፍልፈል ፍለጋ ቀን ላይ ነው የሚዞረው፣ ከመኪና ሳትወርዱ ልታዩት ትችላላችሁ። ከዚያ መንገዱ ድንገት ይወድቃል። ከአስታው ገብታችሁ ኮሶው ይመጣል፣ ከኮሶው ቀርከሃው፣ ጭጋግ። የሐረና ጫካ አፍ ላይ ናችሁ።

እዚያ ሰው ግቢ ውስጥ መትከል ይቻላል፤ ነገር ግን መንደሯ ፓርኩ ወሰን ውስጥ ስለሆነች ከጽሕፈት ቤቱ ሳትነጋገሩ አትሂዱ። ብርዱ ከዲንሾ ይቀላል። እርጥበቱ ግን ድንኳን ይፈትናል። ዲንሾ ላይ ስሊፒንግ ባጋችሁ ነው ዋናው፤ ሪራ ላይ የድንኳኑ የላይ ልብስና ከሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ነው። ጭድ እዚህ አይሠራም፣ ይበሰብሳል። ካሳካችሁት ሽልማቱ ማሩ ነው። የጫካ ማር፣ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ። ቡናውም ከዚያው ጫካ ከወደታች የሚለቀም ነው። ቀርከሃ የሚበላውን የባሌ ጦጣ ለማየትም ከዚህ የተሻለ ማረፊያ የለም።

ጫካው ውስጥ ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳ አለ። የሚያየው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ከመንደሩ ወጥታችሁ ብቻችሁን አትትከሉ።

ሪራን ለመጀመሪያ ሌሊት አልመክርም። ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጉዛችሁ፣ በዚያው ቀን ሰነቲን አቋርጣችሁ፣ በጭጋግ ውስጥ ድንኳን መትከል ጥል ያመጣል። በትዳር ውስጥ ላሉ በተለይ።

ከሰው ርቆ

ወብ ሸለቆና ሰነቲ ላይ ማደር ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ስለዚህም ነው አጭር የምጽፈው። አስጎብኚ፣ ፈረስ፣ ጥሩ ዕቃ፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ዲንሾ ላይ አድሮ ከፍታውን መልመድ። ራስ ምታት ከጀመራችሁና ማቅለሽለሽ ከተከተለ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። አራቱን ያሟላ ሰው የእኔ መመሪያ አያስፈልገውም።

ሌላ ቦታስ?

ሰሜን ተራሮችና መንዝ ጓሳ ይነጻጸራሉ ወይ ላላችሁኝ፣ ሐሳቡ ይለያያል። ሰሜን ላይ የሚታደረው እንደ ሳንቃበርና ጨነቅ ባሉ የተወሰኑ የካምፕ ቦታዎች ነው፣ ከስካውት (ከታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ጋር። ድሮ ግጭ መንደር ውስጥ ከገበሬ ጋር ማደር ነበር፤ ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ያ አማራጭ ቀርቷል። ጓሳ ደግሞ ፓርክ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው መሬት ነው። ድሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ እንደሚከለከል ይወስኑ የነበሩት ገበሬዎቹ ናቸው። በሐሳብ ደረጃ ከገበሬ ጋር ለማደር ከጓሳ የሚበልጥ የለም። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ባሌንም ቢሆን ጠይቁ።

እንግዲህ ማን የት?

ፎቶ ለማንሳት የምትሄዱ ፓርኩ ግቢ እደሩ። የንጋት ብርሃንና አጋዘን አንድ ቦታ የሚገኙት እዚያ ነው፤ የጋይሳይ ሜዳም ቅርብ ነው። ድሮን ካላችሁ ፈቃድ የሌለው ድሮን ያስይዛል።

ብቻዋን ወይም ከጓደኞቿ ጋር ለምትሄድ ሴት የእኔ ምክር የገበሬ ግቢ ነው፣ እመቤት ያለችበት፣ አስጎብኚው በደንብ የሚያውቀው ቤት። አብረውኝ የተጓዙ ሴቶች ያሉኝም ይህንኑ ነው፤ አንዷ ሴት አስጎብኚ ጠይቂ ስትል ጨምራለች።

ጸጥታ ፍለጋ የምትሄዱ፣ ሰው የሰለቻችሁ፣ ገበሬ ግቢ አትሂዱ። ትሳቀቃላችሁ፣ ታሳቅቋቸዋላችሁ።

ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ዕቃችሁ ስስ የሆነ፣ ወይም እንደ ጓደኛዬ ድንኳን የምታውቁት ለቅሶ ቤት ብቻ የሆነ፣ ሁለት ሌሊት ገበሬ ግቢ፣ አንድ ሌሊት ፓርኩ ግቢ። በዚህ ቅደም ተከተል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሰው ካለበት አሳልፉ፤ ስህተታችሁን እዚያ ሥሩ፣ የሚያርማችሁ አለ። በሦስተኛው ሌሊት ካስማ መምታት ትችላላችሁ፣ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስገባትም ታውቃላችሁ። (የፈላ አትጨምሩበት፣ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ስሊፒንግ ባጉ ይረጥባል፣ እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ።) ሪራን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት፤ ሰነቲ ድረስ በመኪና ወጥታችሁ፣ ቀበሮ አይታችሁ ተመለሱ።

ጓደኛዬ የነገርኩትን አደረገ። ከተመለሱ በኋላ ደወለ። ቀበሮ አይተዋል፣ አንድ ብቻ፣ ከሩቅ። የባለቤቱ እህት ከውሾቹ የተነሳ አልተኛችም፣ ግን ጩኮ በዕቃ ተሰጥቷት መጥታለች። ልጁ ደግሞ ቤት ከገቡ ጀምሮ ፍራሹ ሥር ጭድ ካልተነጠፈልኝ ብሎ እያስቸገረ ነው። «ሳር ተራ ይሸጣል አይደል?» አለኝ።